ዓሣው የሚሞተው በሦስተኛው ቀን ነው፦ ሕያው ዓሣ ወደ መሀል አዲስ አበባ የማምጫ መመሪያ

መኪናው ካዛንቺስ ወይም ፒያሳ ደርሶ የበርሜሉ ክዳን ሲከፈት ዓሣው እየዋኘ ከሆነ ሁሉም ደስ ይለዋል። ሾፌሩ ሒሳቡን ይቀበላል። ባለ ምግብ ቤቱ ፎቶ ያነሳል። በማግስቱ አንድ ሁለት ዓሣ ይገለበጣል። በሦስተኛው ቀን ጀርባው ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር ያበቀለ ዓሣ ይታያል። ያኔ የሚወቀሰው የምግብ ቤቱ ገንዳ ውኃ ነው፤ አንዳንዴም የሰው ዓይን።

ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተሠራው ኩሬው ዳር፣ መኪናው ሳይነሳ ነው። የአንድን ጭነት ውጤት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ክዳኑ ሲከፈት የሚያየውን አይመን። ሦስት ቀን ጠብቆ ይቁጠር።

ዓሣው ውስጥ ምን ይሆናል?

መረብ ሲገባበት ዓሣ ይደነግጣል። በሰከንዶች ውስጥ አድሬናሊን፣ በደቂቃዎች ውስጥ ደግሞ ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ደሙ ውስጥ ይጨምራል። የደሙ ስኳር ከፍ ይላል። ብዙ ኦክስጅን ለመሳብ መተንፈሻው ላይ ብዙ ደም ይፈስሳል። ይህ ሁሉ ለማምለጥ ይጠቅም ነበር። በርሜል ውስጥ ግን ማምለጫ የለም፤ ጭንቀቱ ለሰዓታት ይቀጥላል።

ከዚህ ሁለት ጣጣ ይመጣል። አንደኛው የጨው ጉዳይ ነው። የሐይቅና የኩሬ ዓሣ ደሙ ከሚኖርበት ውኃ ይልቅ ጨዋማ ነው። መተንፈሻው ሥራ ሲበዛበት ከሰውነቱ ጨው ይሾልካል፣ ውኃ ደግሞ ወደ ውስጥ ይገባል። ሚዛኑን ለመመለስ ጉልበት ያወጣል፤ ጉልበት ደግሞ ሌላ ኦክስጅን ይጠይቃል።

ሁለተኛው በሽታን የመከላከል አቅሙ ነው። ኮርቲሶል ሲቆይ ይህን አቅም ያወርዳል። በዚያ ላይ መረቡና እጃችን ገላውን የሸፈነውን ዝልግልግ ነገር ይልጡታል፤ ቅርፊቱም ይወልቃል። ያ ዝልግልግ ሽፋን ሲያስጠላን አጥበን የምንጥለው ነው፤ ለዓሣው ግን የመጀመሪያ መከላከያው ነው። እንደ ኤሮሞናስ ያሉ ባክቴሪያዎችና ሳፕሮሌግኒያ የተባለው ሻጋታ በየገንዳው አሉ። ጤነኛ ዓሣን ብዙም አይደፍሩም። የተላጠና የደከመ ሲያገኙ ግን ጊዜ አያባክኑም። ሻጋታው ቀዝቃዛ ውኃ ይወዳል፤ የአዲስ አበባ ውኃ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። በሦስተኛው ቀን የምታዩት ጥጥ ይኸው ነው።

1. መንገዱን በሰዓት ለኩት

ለመሀል ከተማ ቅርብ የሆኑት ምንጮች በሰበታና በቢሾፍቱ አካባቢ ያሉ ኩሬዎች ናቸው። ሰበታ 25 ኪሎ ሜትር፣ ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዝዋይ (ባቱ) አካባቢ ከሆነ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ኪሎ ሜትሩ ግን አያታልላችሁ። ከሰበታ ተነስቶ ዓለም ገናን በደቂቃዎች ያለፈ ፒክአፕ ከአየር ጤና እስከ ሜክሲኮ ሊገተር ይችላል። ከቢሾፍቱ በፈጣን መንገዱ የመጣውም ቱሉ ዲምቱን ካለፈ በኋላ ቃሊቲ፣ ሳሪስ፣ ጎተራ እያለ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ኦክስጅኑንም ባትሪውንም ያዘጋጃችሁት ለታሰበው ጉዞ እጥፍ ይሁን። ለሁለት ሰዓት መንገድ የአራት ሰዓት ዝግጅት ማለት ነው።

ጭነቱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ አልቆ መኪናው ቢነሳ ጥሩ ነው። ውኃው ቀዝቃዛ ነው፣ ፀሐይ የለም፣ ከተማውም ገና አልተጨናነቀም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ በኩሬ ውስጥ የኦክስጅን መጠን ዝቅ የሚለው ሊነጋ ሲል ነው። አልጌ በዝቶበት አረንጓዴ የሆነ ኩሬ ካለው ገበሬ የምትወስዱ ከሆነ ዓሣውን ከዋዜማው ከሰዓት አውጥቶ ንጹሕ ውኃ በሚፈስበት ወይም አየር በሚነፋበት ገንዳ ያሳድረው።

2. ዓሣውን አስጹሙት

ለምግብ የደረሰ ዓሣ ከጉዞው በፊት ከ24 እስከ 48 ሰዓት መብላት የለበትም። ለዓሣ ጫጩት 24 ሰዓት ይበቃል። በጣም ደቃቃ ለሆነ ጫጩት ከዚያም ያነሰ ነው። ጾመኛ የሚበላውን ዓሣ ራሱን ማስጾም ትንሽ ያስቃል፤ ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። ምግብ የሚፈጭ ዓሣ የበለጠ ኦክስጅን ይፈጃል። ሆዱ የሞላ ዓሣ ደግሞ በርሜሉ ውስጥ ይጸዳዳል፣ ያስመልሳል፣ አሞኒያ የተባለውን ከዓሣው የሚወጣ መርዛማ ቆሻሻም ይጨምራል።

እዚህ ላይ ከሻጩ ጋር መነታረክ አለ። ዓሣው የሚሸጠው በኪሎ ነው፤ ያልበላ ዓሣ ይቀላል። «ዛሬ ጠዋት ነው ያበላሁት፣ ጠግቧል» ብሎ እንደ ጥሩ ዜና የሚነግራችሁ ሰው ካለ ጉዞውን ለነገ አድርጉት። የሚሻለው ዋጋውን ሲነጋገሩ ጾሙን አብሮ መነጋገር ነው። በኪሎ ትንሽ ጨምሮ መክፈል ከሞተ ዓሣ ይረክሳል።

3. ውኃና ጨው

የጉዞው ውኃ ዓሣው ከኖረበት ጋር የሚመሳሰል፣ ጭቃና አረንጓዴ የሌለው ይሁን። ጨው ጨምሩበት። በሊትር ከ3 እስከ 5 ግራም ልክ ነው፤ ለ200 ሊትር በርሜል ከ600 ግራም እስከ 1 ኪሎ ማለት ነው። ውኃው ትንሽ ጨዋማ ሲሆን ከዓሣው የሚሾልከው ጨው ይቀንሳል፣ ሚዛኑን ለመጠበቅ የሚያወጣው ጉልበትም ይተርፍለታል። የዚህን ያህል ርካሽና የዚህን ያህል የሚጠቅም ነገር በዚህ ሥራ ውስጥ አላውቅም። ተራ የወጥ ጨው ይሆናል፤ ቅመም የተቀላቀለበት ግን አይሁን። ጨውን ዓሣው ላይ አትበትኑት። ቀድማችሁ በባልዲ አሟሙታችሁ ጨምሩ።

የሙቀት መጠኑ ትንሽ ዝቅ ቢል ይጠቅማል። የዓሣ ገላ እንደ ውኃው ነው የሚሞቀው፤ ውኃው ከነበረበት በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የኦክስጅን ፍጆታው ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። ለቆሮሶ (ቲላፒያ) 20 ዲግሪ አካባቢ ለጉዞ ተስማሚ ነው። ውኃው ከሞቀ የቀዘቀዘ የላስቲክ ጠርሙስ ከነክዳኑ አስገቡ። የበረዶ ፍርፋሪ ግን አትጨምሩ። በረዶው የተሠራው ከቧንቧ ውኃ ሊሆን ይችላል፤ የክሎሪኑን ነገር ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

4. ኦክስጅን፦ ከፍታውን አትርሱ

ይህን ክፍል ሳትዘልሉ አንብቡት። ከውጭ አገር መመሪያዎች የሚቀዱ ቁጥሮች እዚህ የማይሠሩበት ምክንያት አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅንም ያንሳል። 25 ዲግሪ የሞቀ ውኃ በባሕር ወለል ላይ እስከ 8.2 ሚሊግራም በሊትር ይይዛል። እዚህ ከ6 ብዙም አይበልጥም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ኪሎ ዓሣ 10 ሊትር ውኃ ውስጥ ብታስገቡ በውኃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን በጠቅላላው 60 ሚሊግራም ነው። የተረበሸ አንድ ኪሎ ቆሮሶ በሰዓት ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም ሊፈጅ ይችላል። ኦክስጅኑ የሚበቃው ለሩብ ሰዓት ገደማ ነው ማለት ነው። ከዚያም በፊት መታፈን ይጀምራል። «ቅርብ ነው፣ አየር አያስፈልገውም» የሚለው አባባል በዚህ ስሌት ፊት አይቆምም።

ስለዚህ ሁለት ምርጫ አለ። በባትሪ የሚሠራ ጠንካራ የአየር መንፊያ ብቻ ካላችሁ ለ1 ኪሎ ዓሣ 20 ሊትር ውኃ ያዙ። ለ200 ሊትር በርሜል 10 ኪሎ መሆኑ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ አዎ ትንሽ ነው። የኦክስጅን ሲሊንደር ከመቆጣጠሪያውና አረፋውን ከሚያደቅቅ ድንጋይ ጋር ካላችሁ ለ1 ኪሎ ዓሣ እስከ 5 ሊትር መውረድ ይቻላል። የቤት አኳሪየም መንፊያ ለበርሜል አይሆንም። ድምፁ ያጽናናል እንጂ የሚያወጣው አየር ጥቂት ነው።

ሲሊንደሩን ቆሞ እንዲታሰር አድርጉ፣ ዘይትና ቅባት ከቫልቩ አርቁ፣ መኪናው ላይ ሲጋራ የሚባል ነገር አይኑር።

አምባዛ ከዚህ ሒሳብ ትንሽ ይወጣል። ከውኃ በላይ ያለውን አየር መተንፈስ ይችላል። ስለዚህ ጥልቅ ውኃ ሳይሆን ወደ ላይ ብቅ የሚልበት ክፍት ቦታ ስጡት። ጉዳቱ ሌላ ነው፤ ሲተሻሹ በጎን እሾኻቸው ይቧጨራሉ፣ መጠናቸው ከተለያየ ይነካከሳሉ። በመጠን ለዩአቸው። ከቆሮሶ ጋርም አታደባልቋቸው።

5. ማጥመድና መጫን

ከጉዞው ሁሉ ዓሣውን የሚጎዳው ይህ ግማሽ ሰዓት ነው። ኮርቲሶሉ የሚያሻቅበው እዚህ ነው፤ ቆዳውም የሚላጠው እዚህ ነው።

መረቡ ቋጠሮ የሌለው፣ ለስላሳ ይሁን። ዓሣውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ጥግ አትሰብስቡ፤ የተሰበሰበው እርስ በርሱ ይታፈናል። በትንሽ በትንሹ አውጡ። የታችኛው በላይኛው ክብደት እንዳይደፈጠጥ በአንድ መረብ ጥቂት ብቻ። እጅ እርጥብ ይሁን። ከውኃ ውጭ የሚቆይበት ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ አይለፍ።

ክብደቱን ለመመዘን ዘንቢል ላይ አትከምሩ። ውኃ ያለበት ባልዲ ሚዛን ላይ አስቀምጡ፣ ክብደቱን ያዙ፣ ዓሣውን ጨምሩና ልዩነቱን ውሰዱ። ሻጩ መጀመሪያ ላይ ይጠራጠራል፤ ሁለቴ ሲያየው ይለምደዋል።

ቅርፊቱ የወለቀ፣ ክንፉ ሥር የቀላ፣ ዓይኑ የፈጠጠ ዓሣ አትጫኑ። «ይህንንማ ምርቃት ውሰደው» ቢሏችሁም።

ጫጩት የሚጓዘው በላስቲክ ነው። ሁለት ላስቲክ ደርቡ፤ የቆሮሶ የጀርባ እሾኽ አንዱን ይበሳል። የታችኛውን ሁለት ማዕዘን አጥፋችሁ በፕላስተር አስሩ። ጫጩት ማዕዘኑ ውስጥ ተወትፎ ታፍኖ ይሞታልና። አንድ ሦስተኛ ውኃ፣ ሁለት ሦስተኛ ንጹሕ ኦክስጅን። ላስቲኩን በደንብ ወጥራችሁ አትሙሉት። ዝዋይ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ወደ አዲስ አበባ ስትወጡ ላስቲኩ ውስጥ ያለው ጋዝ በአንድ አሥረኛ ገደማ ይነፋል። ዝዋይ ላይ እንደ ከበሮ የተወጠረ ላስቲክ አዲስ አበባ ሲደርስ ሊፈነዳ ይችላል። ከዚያ ካርቶን ውስጥ አስገብታችሁ ክደኑት፤ ጨለማ ዓሣን ያረጋጋል።

6. መንገድ ላይ

የበርሜሉን ውኃ ለቆሮሶ እስከ አፉ ድረስ ሙሉት። ጎደሎ በርሜል ይናጣል፤ ዓሣውም ከግድግዳ ጋር ይላተማል። አምባዛ ብቻ ነው ባዶ ቦታ የሚፈልገው። ክዳን ይኑር፣ አየር ማስወጫ ይኑረው።

ከተነሳችሁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አንዴ ቁሙና እዩ። ዓሣ ብዙ ኦክስጅን የሚፈጀው በተጫነ የመጀመሪያው ሰዓት ነው፤ ችግር ካለ እዚያ ይታያል። ሁሉም ወደ ላይ ወጥቶ አፉን እየከፈተ ከሆነ ኦክስጅን አንሷል። አረፋ ከበዛና ውኃው ላይ ከቆየ ዝልግልጉ እየተላጠ ነው፣ ወይም ሆዱ አልጸዳም። ቀለሙ የጠቆረ ቆሮሶ ተጨንቋል። የተጋደመውን ደግሞ ሾፌሩ «ጋሼ፣ ተኝቶ ነው» ቢላችሁ አትመኑ።

ዓሣው እንዲረጋጋ ተብሎ የሚጨመር ማደንዘዣ አለ። ለሚበላ ዓሣ አልመክረውም። ሰው ሊበላው ከሆነ ከሥጋው እስኪወጣ መጠበቅ አለና።

7. ሲደርስ፦ ቧንቧው፣ ሮቶውና ክሎሪኑ

መሀል ከተማ ያለ ምግብ ቤት ውኃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው። ሲመጣ ሮቶ ይሞላል፣ ከሮቶው ገንዳ ይሞላል። ውኃው ለሰው ጤና ሲባል ክሎሪን አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ቤት በሚደርስ የቧንቧ ውኃ ውስጥ ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም በሊትር ቀሪ ክሎሪን እንዲኖር ይመክራል። ለሰው ምንም አይደለም። የዓሣን መተንፈሻ ለማቃጠል ግን ከዚያ በብዙ ያነሰ ይበቃል። ያውም መንገድ ያደከመውን ዓሣ።

ክዳኑ የተዘጋ ሮቶ ውስጥ ውኃው አደረ ማለት ክሎሪኑ ወጣ ማለት አይደለም። ውኃውን ሰፊ ገንዳ ላይ ገልጣችሁ አየር እየነፋችሁበት ከ24 ሰዓት በላይ አቆዩት። ወይም ሶዲየም ቲዮሰልፌት ተጠቀሙ። አኳሪየም ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ክሎሪን ማጥፊያ ብለው ያቀርቡታል። ለ1 ሚሊግራም ክሎሪን 7 ሚሊግራም ገደማ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ዓሣው ከመምጣቱ በፊት ጨርሱ። መኪናው በር ላይ ቆሞ ገንዳ መሙላት የለም።

ቀጥሎ ሙቀት። ከሰዓት ሲሞቅ የዋለ ውኃ ውስጥ የመጣ ዓሣ የኅዳር ብርድ ያቀዘቀዘው የገንዳ ውኃ ውስጥ ቢጣል ይደነግጣል። ቆሮሶ ውኃው ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ መብላት ያቆማል፣ አቅሙም ይወርዳል። ቴርሞሜትር ያዙ። ላስቲኩን ገንዳው ላይ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ አንሳፍፉት። በበርሜል የመጣ ከሆነ የገንዳውን ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ወደ በርሜሉ ጨምሩ። ልዩነቱ ከ2 ወይም ከ3 ዲግሪ በላይ ከሆነ ቀስ በሉ።

የላስቲኩ ነገር አንድ ወጥመድ አለው። ታስሮ በመጣ ላስቲክ ውስጥ የዓሣው ትንፋሽ ተጠራቅሞ ውኃው አሲዳማ ይሆናል። አሞኒያም ተጠራቅሟል፤ ግን ውኃው አሲዳማ እስከሆነ ድረስ አብዛኛው መርዛማ ባልሆነ መልኩ ይቀመጣል። ላስቲኩን ፈታችሁ አየር ብትነፉበት የታመቀው ጋዝ ይወጣል፣ የውኃው ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል) ከፍ ይላል፣ አሞኒያውም ወደ መርዛማው መልኩ ይቀየራል። ከፒኤች 7 ወደ 8 ሲሄድ መርዛማው ድርሻ በአሥር እጥፍ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ የሚንሳፈፈው ላስቲኩ ሳይፈታ ነው። ከተፈታ በኋላ ዓሣውን በለስላሳ መረብ ወደ ገንዳው ቶሎ አዛውሩት። የጉዞውን ውኃ ገንዳው ውስጥ አትገልብጡ፤ ወደ ፍሳሽ ይሂድ።

8. ሦስቱ ቀናት

የመጀመሪያውን ቀን ምግብ የለም። መብራት አደብዝዙ፣ ደንበኛ ብርጭቆውን እንዳያንኳኳ ንገሩ። ልጆች ያንኳኳሉ፤ ብትከለክሉም ያንኳኳሉ፤ ቢያንስ ገንዳውን ከበሩ ራቅ አድርጉት። መብራት ሲሄድ የሚነሳ ባትሪ ያለው የአየር መንፊያ የግድ ነው።

አዲስ ገንዳ ውስጥ ቆሻሻውን የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች ገና አልበዙም። ለእነሱ ሳምንታት ያስፈልጋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ጭነት ገንዳውን አትሙሉት። አሞኒያና ናይትራይት (አሞኒያው ሲለወጥ የሚፈጠር ነገር) የሚለካበት ትንሽ መለኪያ ግዙ። ናይትራይት ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። በገንዳው ውኃ ውስጥ ጥቂት ጨው ቢኖር እዚህም ይረዳል።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ትንሽ ምግብ ጣሉ። የሚሻማ ዓሣ አገግሟል። ጥግ ይዞ የቆመ፣ ክንፉን የሰበሰበ፣ ከግድግዳ ጋር የሚታከክ ካለ ለብቻው አውጡት። የሞተውን ወዲያው አንሱ። መድኃኒት አትሞክሩ። ከመድኃኒት ቤት የተገዛ የሰው አንቲባዮቲክ ገንዳ ውስጥ መበተን በሽታውን ሳያድን ወደ ሰው ሳህን ይደርሳል። የእንስሳት ሐኪም አማክሩ።

በደብተር ላይ ጻፉ፦ የተጫነው ኪሎ፣ የተነሳበትና የደረሰበት ሰዓት፣ የውኃው ሙቀት፣ በየቀኑ የሞተው። በተለይ በጾም ወራት ፈላጊ ሲበዛ «ትንሽ ጨምርበት» የሚል ግፊት ይመጣል። ያኔ የሚያሳምነው ደብተሩ ነው።

9. ወደ ኩሽና ከመግባቱ በፊት

ከመኪና ወርዶ ወዲያው የታረደ ዓሣ ሥጋው ያረፈውን ያህል አይሆንም። ሲታገል ጡንቻው ውስጥ ያለውን ጉልበት ጨርሷል፣ አሲድም ተጠራቅሞበታል። ከሞተ በኋላ ገላው ቶሎ ግትር ይላል፣ ኋላ ሥጋው ይልማል፣ ሲቆረጥ ይሰነጣጠቃል፤ በረዶ ላይም የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል። ለጉላሽ ብዙም አይታወቅ ይሆናል። ለክትፎ ግን ይታወቃል። ቢያንስ አንድ ሌሊት ይረፍ።

ሲታረድ ውኃ ውስጥ አታሯሩጡት። በመረብ አንሱት፣ ጭንቅላቱን በአንድ ጠንካራ ምት አደንዝዙት፣ ደሙን አፍስሱ፣ ከዚያ በረዶ። ውኃው ውስጥ ሞቶ የተገኘ ዓሣ ወደ ኩሽና አይገባም።

በርሜሉን፣ መረቡንና ባልዲውን በዚያው ቀን እጠቡና ፀሐይ ላይ ሙሉ በሙሉ እንዲደርቁ ተዉአቸው። አንዱ ገበሬ ኩሬ ውስጥ የገባ እርጥብ መረብ ወደ ሌላው ገበሬ ኩሬ አይግባ። ክሎሪን ባለው ውኃ ካጠባችሁ ደግሞ ከሚቀጥለው ጭነት በፊት በደንብ አለቅልቁት።